መስታወት ሳይሸከም የጮኸው አጎቴ

አጎቴ ዋና የት ተማረ? ይህን ጥያቄ ለቤተሰቡ ሁሉ አዳርሻለሁ፤ መልስ ያለው ሰው ግን አላገኘሁም። አባቴ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሙ፣ «አብሮኝ ነው ያደገው፤ ባልዲ ውስጥ እንኳ ሲንቦጫረቅ አላየሁትም» ይላል። ሚስቱ «ሲያገባኝ ዋናተኛ ነኝ አላለኝም፤ ቢለኝም አላምነውም ነበር» ትላለች። ራሱን ስጠይቀው ቀና ሳይል «ውሃ ውስጥ» ብሎኝ ፎጣውን ማጠፉን ቀጠለ።

እሱ የሚኖረው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው። የእሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። ሲያስነጥስ እሰማለሁ፤ ወንበር ሲጎትት እሰማለሁ፤ ከሚስቱ ጋር ሲኮራረፍ ደግሞ ዝምታው ሳይቀር ይሰማኛል። እንዲህ ቅርብ ሆኜ ይህችን ትንሽ ነገር አለማወቄ ይከነክነኛል።

እንግዲህ የማውቀውን ልናገር። አጎቴ መስታወት ገጣሚ ነው። ከአባቴ ጋር አንድ ሱቅ አላቸው። መሃሉ ላይ ምንጣፍ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ሥር መስታወቶች በጠርዛቸው ቆመው እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። አባቴ ይለካል፣ ከደንበኛ ይከራከራል፣ ይቆጣል። አጎቴ ይቆርጣል፣ ይሸከማል፣ ይገጥማል። መስታወት ተሸካሚ አካሄዱ የተለየ ነው። ድንገት አይዞርም፤ አይሮጥም፤ በር ሲያገኝ ትከሻውን አስቀድሞ በጎኑ ይገባል፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ከወዲያ የሚመጣ ሰው እንዳይጋጨው «መስታወት!» ብሎ ይጮኻል። ችግሩ አጎቴ ባዶ እጁንም ሲሆን አካሄዱ ያው መሆኑ ነው። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ግራ እጁ ከታች፣ ቀኝ እጁ ከላይ ሆኖ፣ የማይታይ ትልቅ መስታወት ያቀፈ ይመስላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሰፈሩ ከዚያው ተረት ቆርሶ «እንቁላሉ» የሚል ስም አወጣለት። እሱ እንደሆነ አይከፋውም። «እንቁላልም ቢሆን እስካልተሰበረ ድረስ መልካም ነው» ይላል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። «እሱ ሰው እንዲታይ ይደክማል፣ እኔ እንዳይታይ እደክማለሁ፤ እንጀራችን አንድ መስኮት ላይ ነው» እያለች ትስቃለች።

ባለፈው ዓመት ግን ሰበረ። ለአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ የሚሆን ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት በደረጃ እያወጡ ነበር። አባቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ «እረፍ» አለው። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ «ደክሞሃል፣ አስቀምጠው» አለው። «ምን ሆኜ ነው የሚደክመኝ?» አለ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። መስታወቱ እስከ ምድር ቤት ድረስ እንደ ዝናብ ወረደ። አጎቴን እግዜር ሲያተርፈው አገጩ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበረችበት። አባቴ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ወደ ታች የወረደውን ስባሪ አየ። «መስታወት ይተካል፤ አንተን ከየት አመጣለሁ?» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አጎቴ መስታወት እንዳይሸከም ከለከለው። ለሸክሙ ሰፈሩ «ክሬኑ» የሚለውን ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ቀጠረ። አጎቴ ቁረጥና ግጠም ብቻ ተባለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተገላገልኩ ይል ነበር። አጎቴ ግን ክሬኑ መስታወት አቅፎ ከሱቁ በወጣ ቁጥር በር ድረስ ይሸኘዋል፤ ጥግ እስኪዞርም ቆሞ ያየዋል። እንቅልፉም ከዚያ ወዲህ ነው የጠፋው። መብራቴን አብርቼ ሳነብ ከላይ እግሩ ይሰማኛል። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት፤ ደግሞ በዚያው መስታወት ባቀፈ አረማመድ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የተለጠፈ ወረቀት ነው። አጎቴ ለብስክሌት ሱቅ የፊት መስታወት ቆርጦ፣ ክሬኑ ተሸክሞ፣ እሱ ገጥሞ ጨረሰ። በማግስቱ በዚያ ሲያልፍ ገና ማስቲሹ እንኳ ያልደረቀ መስታወት ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየ። ሊልጠው ምላጩን አወጣ። ከመላጡ በፊት ግን አነበበው። ከአስፋልት ውጪ የሚደረግ ትራያትሎን ነው ይላል፤ መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ዋና፣ ቀጥሎ በጫካ መንገድ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ኮረብታ ላይ ሩጫ፤ ጀማሪዎችም ይሳተፋሉ። ወረቀቱን ሳይልጥ ወደ ሱቁ ገባ። ከሱቁ ሲወጣ ብስክሌት ተውሶ ነበር።

አባቴ ሲሰማ የሳቀው ሳቅ መስታወቶቹን አንቀጫቀጨ።

«አንተ? አውቶቡስ ሲያመልጥህ እንኳ የማትሮጠው?»

«ሌላ አውቶቡስ ስለሚመጣ ነዋ።»

«ሃምሳን አልፈህ ጫካ ለጫካ! ሰው ምን ይላል?»

«እንቁላሉ በእግሩ ሄደ ይላል» አለ አጎቴ፤ መቁረጫውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ጉልበት የለህም ብለህ ነው የከለከልከኝ። ይህን ከጨረስኩ መስታወቴን ትመልስልኛለህ?»

አባቴ ሳቁን አቆመ። ወንድሙ ቀልድ እንዳልያዘ ገባው። «እሺ» አለ፤ «እነሱ በወሰኑት ሰዓት ውስጥ፣ ሰዓቱ ሳይዘጋ ከገባህ ትሸከማለህ። ከተዘጋብህ ግን ስለ ሸክም ሁለተኛ አፍህን አትከፍትብኝም። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ነፃ መዝናኛ አገኘ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፤ ሲሮጥ ግን ሁለት እጁ እንደ ልማዱ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ነው። የጎረቤታችን ጸጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ምን ተሸክመህ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ አስቀምጠዋ!»

በብስክሌቱ ደግሞ የመናፈሻውን ደረጃ ይወርዳል፤ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዋኛም አብሬው ሄድኩ፤ ያን ጥያቄዬን የጀመርኩት እዚያ ነው። ውሃው ውስጥ ገባና፣ ያለ አንዳች ግርግር፣ በጎኑ ተኝቶ፣ አልጋው ላይ እንደሚገላበጥ ሰው ቀስ ብሎ ወዲያ ማዶ ደረሰ። ውሃው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ፣ የት ተማርክ?» አልኩት። መልሱን ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ።

ውድድሩ እሑድ ነበር። በሱቁ መኪና ነው የሄድነው፤ አባቴ፣ አጎቴ፣ ሚስቱና እኔ። ኋላ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስታወት ተጭኗል። ባዶ መኪና መንዳት ለአባቴ ኃጢአት ነው፤ ስንመለስ ለአንዲት ጡረተኛ መምህርት ልናደርስላቸው ነው። ክሬኑም በራቸው ላይ ሊጠብቀን ቃል ገብቷል።

ሐይቁ ዳር ጡንቻቸው እንደ ገመድ የተገመደ ወጣቶች ይዘላሉ፣ ይንጠራራሉ። አጎቴ ከመሃላቸው እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስላል። ፊሽካ ተነፋ፤ ሁሉም እየተጋፉ ገቡ፤ ውሃው ፈላ። አጎቴ ግርግሩ እስኪያልፍ ጠብቆ በጎኑ ገባ፤ በር ሲያገኝ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሲወጣም የመጨረሻው አልነበረም። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ «ወንድሜን አላውቀውም ነበር ማለት ነው?» አለ ለራሱ።

ያተረፈውን ደቂቃ ግን ልብስ ሲለውጥ ጨረሰው። የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ አደረቀ። ፎጣውን አራት ማዕዘን አጠፈ። ሚስቱ ተመልካች የተከለለበት ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ጮኸች፦

«ሰውዬ! ሠርግ አይደለም እኮ የምትሄደው!»

«እርጥብ እግር ያንሸራትታል» አላት።

«እኔ እንጃ! ሰዓቱም እየተንሸራተተብህ ነው!»

ብስክሌቱ ላይ ወጣ። እኔና ሚስቱ አቋራጭ ይዘን፣ በጫካው በኩል ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ጥምዝ ላይ ሄደን ቆምን። አባቴ መጨረሻው ላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ሥር ቀረ፤ ሰዓቱን እሱ የሚጠብቀው ይመስል።

ፈጣኖቹ ካለፉ ቆይቷል። ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ደግሞ እንደ አጎቴ ያሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩ ሰዎች ናቸው። መንገዱ ጠባብ፣ ሥር የበዛበት፣ ጥምዝ በጥምዝ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን እየተንቀራፈፉ፣ ተከታትለው ይወርዳሉ። ድንገት ከላይ፣ ከዛፎቹ መሃል፣ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«መስታወት! መስታወት!»

ፍሬኖች ሲጢጥ አሉ። አንዱ እግሩን መሬት ላይ ተከለ፤ አንዷ ብስክሌቷን ትከሻዋ ላይ አነሳች፤ ሁለቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ጎማ የሚያፈነዳ ስባሪ መንገዱ ላይ ተበትኗል ብለው ነው። በተከፈተው መሃል አጎቴ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ፊቱ ተረጋግቶ፣ ሁሉንም አልፎ ወረደ። ሚስቱ እልልታዋን ለቀቀችው።

«የኔ አንበሳ! ጠረጋቸው እኮ!»

እኛ ጋ ሲደርስ ፊሽካ ሰማ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ እጁን ዘርግቶ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ አቁሟል። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! የት ጋ ነው መስታወቱ?» እያለ መሬት መሬት ያያል። አጎቴ ዞር ብሎ ዳገቱን አየ፤ የቆሙትን ሰዎች አየ። ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሠላሳ ዓመት ጥግ ሲያይ የሚጮኸው አፉ፣ ጥግ አየና ጮኸ፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ፊት ለፊቱ ባዶ መንገድ ነበር። ዝም ብሎ ቢቀጥል በሰዓቱ ይገባል፤ አባቴ የከለከለው መስታወት ያኔ እጁ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

«ሂድ እንጂ!» አለች ሚስቱ፤ «ምን ይገትርሃል?»

«የሌለ መስታወት እየፈለጉ ነው።»

«ይፈልጉ! ሲያጡት ይተዉታል!»

«ጋሼ ሰዓቱ ሥር ቆሟል» አላት። ይህን ያለው ለመሄድ ይሁን ለመመለስ እስካሁን አልገባኝም። ከብስክሌቱ ወረደ፤ አዙሮም ዳገቱን እየገፋ ወጣ።

«መስታወት የለም» አለው አስተባባሪውን።

«ታዲያ ማን ነው የጮኸው?»

«እኔ ነኝ። ሥራዬ መስታወት መሸከም ነው... ነበር። ጥግ ሳይ እጮኻለሁ። ልማድ ነው፣ ይቅርታ።»

ብስክሌቷን የተሸከመችው ወጣት አስቀመጠችና «አንተ ነህ በለና መስታወቱ!» አለች። ጫካው በሳቅ ተሞላ። ከቁጥቋጦው የወጣው ሰውዬ ብቻ ጸጉሩ ላይ ቅጠል እንደያዘ አልሳቀም።

አጎቴ መንገዱን ለቆ ቆመ። «ያለፍኳችሁ በጩኸት ነው፤ እለፉ» አላቸው። በተራቸው አለፉ። ወጣቷ ጥምዙ ላይ ስትደርስ አንገቷን ወደ ሰማይ አቅንታ «መስታወት!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላዋ ያለውም ተቀበላት፤ እስከ ጫካው መጨረሻ ድረስ ጥግ በመጣ ቁጥር ያ ጩኸት ይሰማ ነበር። አጎቴ ከሁሉም በኋላ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ወረደ። ሚስቱ ገና በሩቁ «እኔ አላውቀውም» አለችኝ፤ አጠገቧ ሲደርስ ግን ላቡን በሻሿ ጠረገችለት።

ኮረብታውን ሲሮጥ አላየነውም። እኛ መጨረሻው ላይ ስንደርስ ሰው እየተበተነ ነው። ሰዓቱ ቆሟል፤ አንዱ ሠራተኛ ሽቦውን እየጠቀለለ ነው። በአየር የተነፋው ትልቅ የመግቢያ ቅስት ተንፍሶ መጉበጥ ጀምሯል። አባቴ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያ የጫካው ቡድን ግን ውሃ እየጠጣ ሣሩ ላይ ይጠብቅ ነበር።

በመጨረሻ ታየ። ግራ እጅ ከታች፣ ቀኝ እጅ ከላይ። ሣሩ ላይ የነበሩት ተነስተው «መስታወት! መስታወት!» እያሉ ሰው ከመንገዱ አስለቀቁለት። ቅስቱ እሱ ሲደርስ ወገቡ ድረስ ወርዶ፣ በአንድ በኩል ብቻ ትንሽ ክፍት ቀርቶታል። አጎቴ አልቆመም፤ ትከሻውን አስቀድሞ፣ በጎኑ፣ ምንም ሳይነካ ሾልኮ ገባ። እንዲያ ያለ በር ስንቱን አልፏል!

አባቴ አየው። ከዚያ የቆመውን ሰዓት አየ።

«ተዘግቷል» አለ።

«አዎ ጋሼ፤ ተዘግቷል።»

መኪናው ውስጥ ገብተን ጉዞ ጀመርን። ሚስቱ የሆነውን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አጎቴ ጉልበቷን ነካ አደረጋት፤ ዘጋችው። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የጫካውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአባቴ ነገርኩት። እየሰማኝ ሁለት ጊዜ ማርሽ ተሳሳተ።

መምህርቷ ቤት ስንደርስ ክሬኑ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። መምህርቷ ከሦስተኛ ፎቅ፣ በላስቲክ ከተሸፈነው መስኮታቸው ጎን አንገታቸውን አውጥተው «ልጆቼ መጣችሁ?» አሉ። አባቴ ደረጃውን አየ። እኔን አየኝ፤ ክንዴን ሲያይ ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ እንደ ዱሮው፣ ሳያስበው ይሁን አስቦበት አላውቅም፣ ብርድ ልብሱን ገለጠና ወንድሙን «በዚያ በኩል ያዝ» አለው።

አጎቴ የቆዳ ጓንቱን ከመኪናው ኪስ አወጣ። ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦለት ነበር። አጠለቀው። የመስታወቱን ጠርዝ ያዘ፤ ጣት በምታህል ከፍታ አነሳው፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አልችልም» አለ። «እግሬ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ አልሸከምም።»

አባቴ መስታወቱን እንደያዘ ቀረ።

«እስቲ ድገመው።»

«ደክሞኛል አልኩህ እኮ! ምን ልጨምርልህ?»

«ምንም አትጨምር» አለ አባቴ። «ይህቺን ቃል ነበር ያጣሁት።» መስታወቱን በብርድ ልብሱ ሸፈነ፤ ልጅ እንደሚያለብስ ዳር ዳሩን ጠቀጠቀ። «ነገ ጠዋት እናመጣዋለን። አንተ ከላይ ትይዛለህ፣ እኔ ከታች።»

አጎቴ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። «ሰዓቱ ተዘግቷል እኮ ጋሼ።»

«የእነሱ ሰዓት ነዋ የተዘጋው። የእኛ ሱቅ በሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ እንዳታረፍድ።»

«ደግሞ ዛሬም በላስቲክ ልደር?» አሉ መምህርቷ ከላይ።

«ለአንድ ሌሊት ነው እማማ!» አላቸው አባቴ፤ እየሳቀ ነበር። «ተሸካሚያችን ደክሞት ነው!»

ቤት ስንደርስ አጎቴ ደረጃውን የወጣው በእጁም በእግሩም ነው። ሚስቱ ከኋላ እየገፋችው «እንቁላሉ በአራት እግሩ ሄደ» ትላለች። ጫማውን እንዳወልቅለት አብሬ ወጣሁ። አልጋው ላይ ጋደም አለ። ጓንቱን አላወለቀም ነበር። ሚስቱ መጋረጃውን ልትስብ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ እሱ «ተይው» አላት።

እንዲህ ላልቶ አይቼው ስለማላውቅ አሁን ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ዋና የት ተማርክ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሚስቱም መጋረጃውን ትታ ቀረብ አለች። ጠበቅነው። ትንፋሹ ረዘመ፣ ከዚያም ወደ ማንኮራፋት ተለወጠ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች።